የማቆያ ልጆችን እድገት እንዴት ትመዘግባላችሁ? «ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ» በሉ ተብለናል

ዘማራኪ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የሕፃናት ማቆያ ነው የምሠራው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለሴት ሠራተኞቻቸው ማቆያ እንዲያዘጋጁ በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ካስገደደ በኋላ የተከፈተ ነው። እናቶቹ የወሊድ ፈቃዳቸው ሲያልቅ ልጆቹን ገና በሦስት በአራት ወራቸው ያመጡልናል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከአንቀልባ አውርደው ይሰጡናል፤ ማታ ወደ አሥራ አንድ ተኩል ይወስዷቸዋል። ቤት ሲደርሱ ብዙዎቹ እንቅልፍ ይዟቸዋል። ስለዚህ ልጁ ነቅቶ የሚውልበትን ሰዓት በአብዛኛው የምናየው እኛ ነን። ብዙዎቹ ሲድሁ መጀመሪያ ያየናቸው፣ «ወፌ ቆመች» ያልንላቸውም እኛው ነን።

እስካሁን የምንጽፈው ምን እንደበላ፣ ስንት ሰዓት እንደተኛ፣ ዳይፐሩ መቼ እንደተቀየረ ብቻ ነበር። አሁን ከላይ አዲስ ቅጽ መጣ። «አካላዊ እድገት»፣ «ቋንቋ»፣ «ከሰው ጋር መግባባት» ይላል። ከጎኑ «ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ» የሚል ሳጥን አለ። እኛ ምልክት እናደርጋለን፣ በየሦስት ወሩ ለወላጅ ይሰጣል።

ይህ ቅጽ በጣም ከብዶኛል። የ11 ወር ሕፃን ላይ «ቋንቋ፦ ዝቅተኛ» ብዬ ለእናቱ ስሰጣት ምን ታድርገው? እናቶቹ በር ላይ ይገናኛሉ፤ «የእኔ መካከለኛ ነው፣ ያንቺስ?» መባባላቸው አይቀርም። ልጁ እኮ ፈተና አልተቀመጠም።

ዝም ማለት ደግሞ አልችልም። አንድ ልጅ አለን፣ 20 ወሩ ነው። ይሮጣል፣ ወንበር ላይ ይወጣል፣ እንጀራውን ራሱ ቆርሶ ይጎርሳል። ስሙን ስጠራው ግን አይዞርም። በጣቱ አይጠቁምም። ውሃ ሲፈልግ እጄን ይዞ ወደ ጆጉ ይጎትተኛል። ቃል የለውም። እኩዮቹ ስኒ ደርድረው «ቡና ጠጡ» ሲሉ እሱ ጥግ ይዞ የጣሳ ክዳን ሲያሽከረክር ይውላል። አያቱ «አባቱም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው» ይላሉ። እናቱ ምንም አላለችም።

እንዲህ ያለውን ምን ብዬ ልመዝግብ? ለእናቱስ እንዴት ልንገራት? እባካችሁ ልምድ ያላችሁ ጻፉልኝ።

የአዘዞዋ እናት

እኔ ወላጅ ነኝ፣ ልጄ ሌላ ማቆያ ነው የሚውለው። «መካከለኛ» የሚል ወረቀት ቢሰጡኝ ምንም አልጠቀምም። ባለፈው ሞግዚቷ «ዛሬ ኳሷ ከአልጋ ሥር ስትገባ ጎንበስ ብሎ ፈለጋት» አለችኝ። ማታ ለባሌ ነገርኩት፣ ቤት ውስጥ ማንኪያ እየደበቅን አብረነው ተጫወትን። ያየሽውን ንገሪን፣ እኛም እናያለን።

አንድ ነገር ልጨምር። የልጆቹን ፎቶ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አትልቀቁት። የልጄን እርምጃ ማየት እፈልጋለሁ፤ የሌላው ሰው ልጅ ከኋላ ሲያለቅስ መታየቱ ግን ተገቢ አይደለም።

ፊዚዮ ጎንደር

እኅቴ፣ ጥያቄሽ ሁሉም ማቆያ ሊጠይቀው የሚገባ ነው። እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ልጆች ዘግይተው ወደ እኛ ሲመጡ በየጊዜው አያለሁ።

መጀመሪያ «ዝቅተኛ» የሚለው ለምን እንደማይሠራ ልንገርሽ። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጤነኛ ልጆችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱን አውጥቷል። ያለ ድጋፍ መራመድ ከ8 ወር ጥቂት አለፍ ብሎ ይጀምርና እስከ 17 ወር ተኩል ድረስ ሊቆይ ይችላል። ይህ ሁሉ ጤነኛ ነው። ከ100 ልጆች 4 ያህሉ ደግሞ በእጅና በጉልበታቸው ሳይድሁ ነው የተራመዱት። ታዲያ የ14 ወር ልጅ ስላልተራመደ «ዝቅተኛ» ይባላል? አይባልም። 18 ወር ሞልቶት ካልተራመደ ግን መታየት አለበት።

ሁለተኛ፣ እድሜውን በወር በትክክል ያዙ። ጎንደር ላይ እናት «ለጥምቀት ነው የተወለደ» ትልሻለች፤ የክትባት ካርዱን አስመጥተሽ ቀኑን ከዚያ ጻፊ። ያለ ጊዜው የተወለደ ከሆነ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ድረስ የቀደመበትን ጊዜ ቀንሱለት። ሁለት ወር ቀድሞ የተወለደ የ10 ወር ልጅን እንደ 8 ወር እዩት። ይህን ባለማድረግ ብቻ ስንት እናት በከንቱ ትጨነቃለች።

ሦስተኛ፣ ልጁ አንድ ነገር ያላደረገው ስላልቻለ ነው ወይስ ዕድሉን ስላላገኘ? በክረምት ሊሾው ይቀዘቅዛል፣ ሕፃናቱ ታቅፈው ወይም ታዝለው ይከርማሉ። መሬት ያልወረደ ልጅ ከምን ተነሥቶ ይድሃል? ደረጃ የሌለበት ቤት ያደገን ልጅም «ደረጃ አይወጣም» ብለን አንጽፍበትም። ዴንቨር የሚባለውን የሕፃናት እድገት መመዘኛ የጅማ ተመራማሪዎች ለአገራችን ልጆች ያስማሙት በዚህ ምክንያት ነው። እሱ የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል፣ እናንተ እንድትሠሩበት አልልም። ሐሳቡን ግን ያዙት።

ስለ 20 ወሩ ልጅ በግልጽ ልናገር። መሮጡ ደስ ይላል፤ እኔን ያሳሰበኝ ሌላው ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2022 ያሻሻለው ዝርዝር ከ100 ልጆች 75ቱ ወይም ከዚያ በላይ የሚያደርጉትን ነው የሚያስቀምጠው። በዚያ መሠረት ስሙ ሲጠራ መዞር የ9 ወር ነው። የፈለገውን በጣት መጠቆም የ15 ወር፣ ያስደሰተውን ነገር ለሌላው መጠቆም ደግሞ የ18 ወር ነው። ይህ ልጅ ሦስቱንም አያደርግም። «ይደርሳል» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። መጀመሪያ ጆሮው ይታይ። ጆሮው መግል ያውቅ እንደሆነ እናቱን ጠይቂያት፤ በደንብ የማይሰማ ልጅም እንዲሁ አይዞርም፣ አይናገርም። መስማቱ ደህና ከሆነ የሕፃናት ሐኪም ስለ ኦቲዝምም ሆነ ስለ ሌላው ያያል። የችግሩን ስም የምትሰጡት እናንተ አይደላችሁም።

አንድ ነገር ደግሞ በማንኛውም እድሜ አይታለፍም፦ ያደርገው የነበረውን ነገር መተው። ቃል ነበረው፣ ጠፋ። ይጠቁም ነበር፣ ተወ። ይህን ካያችሁ የሦስት ወሩን ቅጽ አትጠብቁ፣ በዚያው ሳምንት ለወላጅ ተናገሩ። ሕፃኑ ዓመት ሳይሞላው አንዱን እጁን ብቻ የሚጠቀም ከሆነም እንደዚሁ፤ ቶሎ ቀኝ ወይም ግራ መሆን ጉብዝና አይደለም፣ ሌላኛው እጅ ደክሞ ሊሆን ይችላል።

የሁለት ልጆች አባት

ይቅርታ፣ እኔ ትንሽ እለያለሁ። ወላጅን ማስደንገጥ ጥሩ አይደለም። የኔ ትልቁ ሁለት ዓመት ተኩል እስኪሆነው ሁለት ቃል አላገናኘም። ዛሬ ዝም በል ብንለው አይሰማም። ልጅ ሁሉ በራሱ ጊዜ ነው የሚደርሰው።

ፊዚዮ ጎንደር

ወንድሜ፣ ልጅህ ደህና በመሆኑ ደስ ብሎኛል። ያኔ ግን ስትጠራው ይዞር ነበር? ይጠቁም ነበር? ያልከውን ሰምቶ ይታዘዝ ነበር? እነዚህ ካሉት ቃሉ ቢዘገይም ተስፋው ብዙ ነው። እዚህ የተነገረው ልጅ እነዚህም የሉትም። ደግሞ ታይቶ ደህና ቢባል ወላጅ የሚያጣው ግማሽ ቀን ነው። ችግር ኖሮበት ዓመት ቢያልፍ ግን ያ ዓመት አይመለስም።

እናት ዓለም

ልጄ፣ እኔ አዲስ ዓለም አካባቢ ማቆያ ከከፈትኩ ቆይቻለሁ፤ ልጆቼን ያሳደግሁትም ነርስ ሆኜ እየሠራሁ ነው። የምንሠራበትን ልንገርሽ።

ለእያንዳንዱ ልጅ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር አለው። በቀን ሁሉንም ልጆች ለማየት አንሞክርም፣ አይቻልም። እያንዳንዷ ሠራተኛ በቀን አንድ ልጅ ይደርሳታል፣ እሱን ትከታተላለች። ከምሳ በኋላ ሲተኙ ቁጭ ብላ ትጽፋለች። የምትጽፈው ዓይኗ ያየውን ብቻ ነው። «ንቁ ነው»፣ «ሰነፍ ነው»፣ «ዓይናፋር ናት» አይጻፍም። «ኅዳር 12፣ 13 ወር፦ ሶፋውን ይዞ ሦስት እርምጃ ወደ ግራ ሄደ፤ ለቀቀና ተቀመጠ፤ አላለቀሰም» ይጻፋል። ከወር በኋላ ገልጠሽ ስታነቢው ልጁ የት እንደደረሰ ራሱ ይነግርሻል። የሚለካው ከትናንት ራሱ ጋር ነው፣ ከጎረቤቱ ልጅ ጋር አይደለም።

ሠራተኛ ስትለቅ ደብተሩ ይቀራል። አዲሷ ልጅ ገና ስትገባ አንብባ ትጀምራለች። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ሞግዚት በየጊዜው ትለዋወጣለች፣ የልጁ ታሪክ ግን መቆረጥ የለበትም።

ለእናቱ ስትነግሪያት በር ላይ አይሁን። ማታ ደክሟት፣ ባጃጅ እየጠበቃት፣ ሌላ ሰው እየሰማ አይሆንም። ቀጠሮ ያዢላት፣ አስቀምጫት፣ መጀመሪያ ስለ ልጇ ጠይቂያት። «ቤት ስትጠሪው ይዞራል?» በያት። ብዙ ጊዜ እናት ቀድማ አይታዋለች፣ የሚነግራት ሰው ስትጠብቅ ነው የምታገኛት። ከዚያ ደብተሩን ከፍተሽ ያየሽውን አንብቢላት። የበሽታ ስም አትጥሪ። «ጆሮውን እናስመርምረው» በያት፣ ወዴት እንደምትሄድም ንገሪያት። አያቱንም አክብሪያቸው፤ «እውነትዎን ነው፣ የሚዘገዩ ልጆች አሉ፤ ለማንኛውም ይታይልን» ማለት ይበቃል። እሳቸው ካልተስማሙ እናቱ ብቻዋን አትወስደውም።

እግዚአብሔር ይርዳሽ፣ ሥራሽ ከባድ ነው።

ዘማራኪ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እትዬ፣ የነገሩኝን ሁሉ ጽፌ ይዣለሁ።

የሆነውን ላሳውቃችሁ። ከኃላፊያችን ጋር ተነጋገርን። ቅጹን መተው አልተቻለም፣ ከላይ የመጣ ነው። ግን ከሳጥኑ ሥር «የታየው» የሚል ባዶ ቦታ እንዲጨመር ተስማምታለች፣ ለወላጅ የሚነበበውም እሱ ይሆናል። እኔ አሁንም ሳጥኑ እንዲወጣ እፈልጋለሁ፣ ለሚቀጥለው ስብሰባ በጽሑፍ አቀርባለሁ።

ከእናቱ ጋርም ቁጭ ብለናል። እንዳሉኝ መጀመሪያ ጠየቅኳት። ቤት ውስጥ ድስት ሲወድቅ እንኳን ዞር እንደማይል ነገረችኝ፤ ቴሌቪዥን ሲከፈት ግን ይሮጣል አለች። ይህን ጨምሬ ጻፍኩት፣ ለሐኪሙ ይጠቅማል ብዬ። ማክሰኞ ጆሮውን ልታስመረምር ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ትወስደዋለች፣ አያቱም አብረው ይሄዳሉ። የደብተሩን ገጽ ቅጂ ሰጥቻታለሁ።

ፊዚዮ፣ አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ እኛ ማቆያ ውስጥ ከልጁ ጋር ምን ብንሠራ ይጠቅመዋል?

ፊዚዮ ጎንደር

ከሩቅ አትጥሪው። አጠገቡ ሄደሽ፣ በቁመቱ ልክ ተቀምጠሽ፣ ፊትሽን እያየ ስሙን ጥሪው። ክዳኑን አትቀሚው፤ አንቺም ሌላ ክዳን ይዘሽ አብረሽው አሽከርክሪ፣ ቀና ብሎ ሲያይሽ ፈገግ በዪ። ጆጉን ሲፈልግ ከመቅዳትሽ በፊት በጣትሽ ጠቁመሽ «ውሃ» በዪው፣ ከዚያ ወዲያው ስጪው። አስጠምተሽ አታስገድጂው። ይህን ሁላችሁም ሠራተኞች በአንድ ዓይነት መንገድ አድርጉት፤ ምላሽ የሰጠበትን ቀን ደብተሩ ላይ ጻፉ። የጆሮው ውጤት ሲመጣ እዚሁ ጻፊልን፣ ከዚያ የሚቀጥለውን እንነጋገራለን።