የዛገ የብረት ታንከር፦ ይጠገን ወይስ በሮቶ ይቀየር?

ጥያቄ (የኮተቤ ነዋሪ)

ሰላም ለሁላችሁ። ግቢያችን ውስጥ 3,000 ሊትር የሚይዝ ክብ የብረት ታንከር አለ። ወርዱ 1.40 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር፣ ላሜራው 2 ሚሊ ነው። የተቀመጠው 3 ሜትር ከፍታ ባለው ባለ አራት እግር የቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት ብረት) ማማ ላይ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ያለ ታንከር መዋል አንችልም። አሁን ከታች ዙሪያውን ዝጓል፤ በአንድ በኩል ጠብ ጠብ ይላል። ጠዋት ቧንቧ ስንከፍት ውሃው ቡናማ ነው። አንድ በያጅ «ላሜራ ለጥፌ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) እቀባዋለሁ፣ ይበቃዋል» አለ። ሌላው «ጣሉትና ሮቶ (የፕላስቲክ ታንከር) ግዙ» ይላል። ከመወሰኔ በፊት ምን ምን ልይ?

መልስ 1 (ብረት ሠሪው)

ዝገቱ ምን ያህል ያስፈራል የሚለውን ተዉት፤ ቁም ነገሩ ከሥሩ ምን ያህል ብረት ተርፏል ነው። ዝገት ከበላው ብረት ብዙ እጥፍ ያብጣል። ስለዚህ እንደ ቅርፊት የሚላቀቀው ሰፊ ዝገት ብዙ ጊዜ ከሚመስለው ያነሰ ነው የበላው። ሊያሰጋዎት የሚገባው እንደ ኪንታሮት ያበጠች ትንሽ ቡናማ ጉብታ ናት። እሷን በካቻቪቴ ጫፍ ሲፈነቅሏት ከሥሯ ጥቁር ጭቃ መሰል ነገር ይወጣል፤ ከዚያ ጉድጓድ ይታያል። ታንከር የሚበሳው እዚያ ላይ ነው።

ታንከሩን ባዶ ያድርጉና እንዲህ ይዩት። ሲመሽ በክዳኑ በኩል በባትሪ የሚሠራ መብራት በገመድ አውርደው ክዳኑን ይዝጉ፤ ከዚያ ከውጭ ዙሪያውን ይመልከቱ። የተበሳ ቦታ ካለ እንደ ኮከብ ብልጭ ይላል። በማግስቱ በትንሽ መዶሻ በየ10 ሳንቲው ቀስ እያሉ ያንኳኩት። ጤነኛ ላሜራ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የሳሳው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። የታፈነው ላይ ካቻቪቴ ጫን አድርገው ይግፉ። ከሰረጎደ ወይም ከበሳ፣ ያ ቦታ ብየዳ አይሸከምም፤ ኤሌክትሮዱ ሲነካው ቀዳዳው እየሰፋ ይሄዳል።

መልስ 2 (የቧንቧ ሰው)

ስለ ቡናማው ውሃ አንድ ነገር ልጨምር፤ ጥፋቱ የታንከሩ ላይሆን ይችላል። ጠዋት ማንም ቧንቧ ሳይከፍት በፊት ሁለት ነጭ ባልዲ ያዘጋጁ። አንዱን በቀጥታ ከታንከሩ መውጫ፣ ሌላውን ከኩሽና ቧንቧ ይሙሉ። የታንከሩ ንጹሕ ሆኖ የኩሽናው ቡናማ ከሆነ፣ በተለይም ግማሽ ደቂቃ ያህል ፈስሶ ከጠራ፣ የዛገው የጂአይ (ጋልቫናይዝድ፣ ማለትም ዚንክ የተለበጠ ብረት) ቧንቧው ነው። እንዲህ ከሆነ ታንከሩን ቢቀይሩም ውሃው አይጠራም። ሁለቱም ቡናማ ከሆኑ ታንከሩ ሥር የተኛ ዝቃጭ አለ ማለት ነው። ዝቃጭ ውሃ ከማደፍረሱም በላይ ከሥሩ ያለው ብረት ኦክስጅን እኩል እንዳያገኝ ስለሚያደርግ ወለሉን ቶሎ ያስበላል።

መልስ 3 (መዋቅር)

ሁላችሁም ታንከሩን ብቻ ነው ያያችሁት፤ ማማውም መታየት አለበት። 3,000 ሊትር ውሃ 3 ቶን ነው። የታንከሩ ብረት ራሱ 190 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። እያንዳንዱ እግር 800 ኪሎ ተሸክሟል ማለት ነው። ቱቦላሬ ውስጡ ክፍት ስለሆነ የዝናብ ውሃ በብየዳው ስንጥቅ ገብቶ ከታች ይጠራቀማል፤ ከውጭ ቀለሙ ደህና ሆኖ ሳለ ከውስጥ ይበላዋል። ታንከሩ ባዶ ሳለ እያንዳንዱን እግር ከታችኛው ላሜራ በላይ 2 ሳንቲ ላይ በ6 ሚሊ መሰርሰሪያ ይብሱት። ዝገት የቀላቀለ ውሃ ከፈሰሰ ወይም መሰርሰሪያው ምንም ሳይታገል ከገባ፣ የእግሩ ጉዳይ ከታንከሩ ይቀድማል። ቀዳዳውን መልሰው አይድፈኑት፤ ውሃ ማስወጫ ይሆናል።

ጠያቂው

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁሉንም አየሁ። ሁለቱም ባልዲ ቡናማ ነው። በመብራቱ ከታችኛው መጋጠሚያ ላይ ሦስት ቦታ ብርሃን ታየ። ካቻቪቴ ወለሉ ጠርዝ ላይ ሁለት ቦታ በሳው። ጎንና ጎኑ ጥርት ብሎ ይጮኻል። ከአራቱ እግሮች አንዱ ቡናማ ውሃ አፈሰሰ። አንድ ዘመዴ ደግሞ «ከውስጥ በሲሚንቶ ለስኑት» ይላል።

መልስ 4 (ብረት ሠሪው)

እንግዲህ ነገሩ ጠርቷል፤ ጎኑ ጤነኛ ነው፣ ወለሉ አልቋል። መጋጠሚያው ላይ ሦስት ቦታ ከተበሳ፣ በመሀሉ ያለውም ሳስቷል። እዚያ ላይ ላሜራ መለጠፍ ጥገና አይባልም። ልጥፉ የሚያዘው ጤነኛ ብረት አጥቶ በጠርዙ እንደገና ይበሳል። በልጥፉና በአሮጌው ላሜራ መካከል የሚገባው ውሃም መውጫ ስለማያገኝ ዝገቱን ያፋጥነዋል።

መጠገን ካለበት ከታች 15 ሳንቲ ተቆርጦ ሙሉ ወለል ይቀየር። ወለሉ 3 ሚሊ ይሁን። ላሜራ 1 ሜትር በ2 ሜትር ከሆነ ለ1.40 ወርድ ሁለት ላሜራ ያስፈልጋል፤ ከየአንዳንዱ ግማሽ ክብ ይወጣል። ብየዳው ከውስጥም ከውጭም ሙሉ ይሁን። በ2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ አጫጭር እያደረጉ አንዴ በዚህ፣ አንዴ በወዲያ በኩል ይበየድ፤ በአንድ ጊዜ ከተዞረ ላሜራው ይጣመማል። ጋልቫናይዝድ ከሆነ ከብየዳው በፊት 5 ሳንቲ ያህል ዚንኩን በግራይንደር ያንሱት። የዚንክ ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያመጣል፤ የሚበየደው ደጅ ላይ ነው። ቀለም ከመቀባቱ በፊት 30 ሳንቲ ውሃ ሞልተው ለአንድ ቀን ይተዉት። ቀለም ትንሽ ቀዳዳ ይሸፍንና ከሁለት ወር በኋላ ያስለቅሳል።

መልስ 5 (ቀለምና ሽፋን)

ስለ አንቲረስቱ ግልጽ ልሁን፤ ቀዩ አንቲረስት ለውጭ ነው። ከሚጠጣ ውሃ ጋር አይገናኝ። የዘይት ቀለምም ሬንጅም እንዲሁ። ለውስጥ የሚሆነው ለመጠጥ ውሃ ተብሎ የተሠራ ባለ ሁለት ቆርቆሮ ኢፖክሲ (ሁለቱ ሲቀላቀሉ የሚጠነክር ሽፋን) ብቻ ነው። የታንከሩ ውስጥ ክዳኑን ጨምሮ 12 ካሬ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለሁለት እጅ ከ5 እስከ 6 ሊትር ይፈጃል። ብረቱ በሽቦ ብሩሽ ሳይሆን በግራይንደር እስኪነጣ መገፈፍ አለበት። ደረቅ መሆንም አለበት፤ በክረምት ጠዋት ላሜራው ላብ ስለሚያወጣ ቀለሙ ከሳምንታት በኋላ እንደ ልጣጭ ይነሳል። ከተቀባ በኋላ እስኪጠነክር ብዙውን ጊዜ 7 ቀን ይፈልጋል፤ በብርድ ይረዝማል። በፈረቃ ውሃ ለሚኖር ቤት ይህ ከሥራው ጋር 10 ቀን ያለ ታንከር መክረም ነው።

ሲሚንቶ ብረትን ከዝገት መጠበቁ እውነት ነው። ግን 2 ሚሊ ላሜራ ውሃ ሲሞላና ሲጎድል ይለጠጣል፣ ልስኑም ይሰነጠቃል። ወለሉና ጎኑ በ2 ሳንቲ ቢለሰን ደግሞ ከ400 ኪሎ በላይ ይጨምራል፤ ያን ከሚሸከሙት አንዱ ያ ውሃ ያፈሰሰው እግር ነው።

ሌላም አለ፤ ይህን ችላ እንዳትሉ። ዝገት ኦክስጅን ይበላል። ተዘግቶ የቆየ የዛገ ታንከር ውስጥ አየሩ ሰው ሊጥል ይችላል፤ የቀለም ሽታ ሲጨመርበት የባሰ ነው። ክዳኑ አንድ ቀን ተከፍቶ ይዋል፣ ማራገቢያ ይግባበት፣ የገባውን ሰው በገመድ የያዘ ሌላ ሰው ከላይ ይቁም። የገባው ቢወድቅ ተከትሎ መግባት ሁለተኛ ሞት ነው፤ በገመዱ ይጎተት።

መልስ 6 (መዋቅር)

የኔ ፍርድ ይቀየር ነው። ወለል፣ ኢፖክሲ፣ አንድ እግር፣ 10 ቀን ያለ ውሃ፤ ይህ ሁሉ ተደምሮ የሚተርፈው አሮጌ ጎንና አሮጌ ክዳን ነው። እግሩ ጤነኛ ቢሆን ኖሮ ወለሉን ቀይሩ እል ነበር።

ግን ሮቶ ገዝቶ አሮጌው ማማ ላይ መጫን አይቻልም። የብረት ታንከር በአራት ብረት ላይ ቢቀመጥ ራሱን ይሸከማል። ፕላስቲክ ግን በክፍተቱ መካከል ይጎብጥና ከጊዜ በኋላ ከወለሉ ጠርዝ ይሰነጠቃል። ወለሉ በሙሉ መደገፍ አለበት፤ 80 በ40 በ3 ሚሊ ቱቦላሬ በቁመቱ ቆሞ በየ25 ሳንቲው፣ በላዩ 4 ሚሊ ላሜራ። ጠርዙ ከታንከሩ ዙሪያ ቢያንስ 5 ሳንቲ ይለፍ። የብየዳ ጉብታና የብሎን ጭንቅላት ከላዩ ይላጭ።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ጭነቱን መክፈል ነው። 2,000 ሊትር መሬት ላይ በኮንክሪት መቀመጫ፣ 1,000 ሊትር ከላይ፣ መሀል ላይ ትንሽ ፓምፕ። የማማው ጭነት ወደ ሲሶ ይወርዳል። ያም ሆኖ ውሃ ያፈሰሰው እግር ተቆርጦ በአዲስ ይተካ፤ በሚቆረጥበት ጊዜ ላዩ ላይ ምንም ነገር አይኑር። ባዶ ሮቶ ቀላል ነው፣ ንፋስ ያወርደዋል፤ በሁለት በኩል ይታሰር።

መልስ 7 (የቧንቧ ሰው)

ሮቶ ሲገጠም የሚበላሸው መውጫው ላይ ነው። ጎማው በውስጥ በኩል ይሁን፤ ዳዶውን በእጅ እስኪቆም አጥብቀው በቁልፍ ሩብ ዙር ብቻ ይጨምሩ። ከዚያ በላይ ሲሄድ ጎማው ይወጣል ወይም ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። የሚወርደው ቧንቧ ክብደት ታንከሩ ላይ እንዳይንጠለጠል ማማው ላይ ይታሰር፤ በመሀል 40 ሳንቲ የምትሆን ተጣጣፊ ሆዝ ብትገባ ጥሩ ነው።

ከመጠቀም በፊት 5 በመቶ በረኪና ለእያንዳንዱ 1,000 ሊትር 1 ሊትር ይጨመር። ቧንቧዎቹን ሽታው እስኪመጣ ከፍተው ይዝጉና ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይቆይ፤ ያ ውሃ ተደፍቶ አንዴ ይታጠብ። ሽቶ የተጨመረበት በረኪና አይሁን፤ ከሌላ ማጽጃ ጋርም አይቀላቀል።

ጠያቂው

ገንዘቡ እስኪሟላ ሦስት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። እስከዚያ የሚፈሰውን ምን ላድርገው?

መልስ 8 (ብረት ሠሪው)

ቀዳዳው ጎን ላይ ከሆነ 8 ሚሊ ብሎን በሁለቱም በኩል ጎማና ሰፊ ሮንዴላ ተደርጎበት ይያዛል። መጋጠሚያው ላይ ያሉት ግን አይያዙም፤ ሲሰረስሩ ይፈርሳሉ። እሱን ከውጭ ደርቆና ተፍቆ በሚቦካ ኢፖክሲ ይድፈኑት። ከአንድ ሜትር በላይ አይሙሉ፤ በወለሉ ላይ ያለውም ግፊት፣ በታመመው እግር ላይ ያለውም ጭነት በግማሽ ይቀንሳል። በእነዚህ ሦስት ሳምንታት ከማማው ሥር ልብስ የሚያጥብም የሚጫወት ልጅም አይኑር፤ ዙሪያውን በገመድ ይዝጉት።