እናቴ የምትተነፍሰው በኦክስጅን ማሽን ነው፤ ለሰደድ እሳት ወቅት ምን ላዘጋጅ? (ካሊፎርኒያ)

ጥያቄ፦ የእማዬ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ከሎስ አንጀለስ ወደ ሰሜን፣ ከሳን ጋብሪኤል ተራሮች ግርጌ ነው። እናቴ 74 ዓመቷ ነው፤ ከደሴ ከመጣች አራት ዓመት ሆናት። ዕድሜዋን ሙሉ በማገዶ ጭስ ስትጋግር ኖራ ሳንባዋ ተጎድቷል፤ ሐኪሟ ሲኦፒዲ (ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም) ነው ብሏል። ሌሊት ሌሊት በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማሽን፣ በደቂቃ 2 ሊትር ኦክስጅን ትወስዳለች። ስኳርም አለባት፣ ኢንሱሊን ትወጋለች። እንግሊዝኛ አትችልም።

በ2025 ጃንዋሪ 7 ማታ የኢተን ሰደድ እሳት ሲነሣ የሆነውን ታስታውሳላችሁ፤ የገና ዕለት ነበር። እንግዶች ሸኝተን እኔ ለሌሊት ሺፍት ወጣሁ። ከዚያ መብራት ጠፋ። ማሽኑ ይጮሃል፣ ነፋሱ በሩን ይደበድባል፣ እማዬ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ትንፋሽ ታሳድዳለች። ባለቤቴ ለመጠባበቂያ የተሰጠንን ሲሊንደር ከጋራዥ ዕቃ ሥር ጎትቶ አወጣው፤ መክፈቻ ቁልፉ ግን የለም! በእጅ ባትሪ ሃያ ደቂቃ ፈልጎ መሳቢያ ውስጥ አገኘው። ማሽኑን ላከራየን ድርጅት ደጋግሞ ደወለ፣ የሚያነሳ አልነበረም። እግዚአብሔር ይመስገን በደህና ወጡ፤ እኔ ግን ያን ሌሊት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

አሁን የምጠይቃችሁ፦ መቼ ነው የምንወጣው? መቼ ነው 911 የምንደውለው፣ መቼስ ራሳችን በመኪና የምንወስዳት? መብራት ሲጠፋ ምን እናድርግ? እማዬ ደግሞ “አምቡላንስ ከጠራችሁ ዕዳ ትገባላችሁ” እያለች ሕመሟን ትደብቀናለች።

መልስ፦ አምቡላንስ ላይ የምሠራ

እህቴ፣ እዚሁ ሎስ አንጀለስ ካውንቲ ፓራሜዲክ ነኝ፤ ያን ሌሊት ሥራ ላይ ነበርኩ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዢልኝ። እናንተ የምትወጡት “ልቀቁ” ሲባል አይደለም፣ “ተዘጋጁ” ሲባል ነው። ስልክ ላይ የሚመጣው መልእክት ሁለት ዓይነት ነው። “ኢቫኩዌሽን ዋርኒንግ” ካለ አደጋው እየቀረበ ነው ማለት ነው። “ኢቫኩዌሽን ኦርደር” ካለ ግን ለሕይወት ያሰጋል፣ አሁኑኑ ውጡ ማለት ነው። ለመውጣት ጊዜ የሚፈጅበት ሰው፣ አዛውንት፣ ሕመምተኛ ያለው ቤት በዋርኒንጉ ነው መንቀሳቀስ ያለበት። ኦርደሩን የሚጠብቅ ጤነኛና መኪና ያለው ሰው ነው፤ እሱም ባይጠብቅ እመርጣለሁ።

ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደምናገር ልንገርሽ። የኢተን እሳት የተነሣው ከምሽቱ 12 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው (በፈረንጅ 6፡18)። ከሌክ ጎዳና በስተምዕራብ ላለው የአልታዲና ሰፈር የልቀቁ ትእዛዝ የደረሰው ግን ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል ነበር። በኢተን እሳት ከሞቱት 19 ሰዎች አንዱ ሲቀር ሁሉም የዚያ የምዕራቡ ሰፈር ሰዎች ናቸው፤ አብዛኞቹም በዕድሜ የገፉ። ስለዚህ ዋርኒንግም ሳይመጣ እሳቱን ወይም ፍሙን በዓይናችሁ ካያችሁ፣ ወይም ነፋሱ ወደ እናንተ እየነፈሰ ጭሱ ከከበደ፣ ማንንም ሳትጠብቁ እናትሽን አስነሡ።

አምቡላንስ ለምን እንደሚዘገይም ሰው ቢያውቀው ጥሩ ነው። ሰፈር ሲቃጠል ጥሪው በአንዴ ይጎርፋል፣ መኪናው ግን የዘወትሩ ቁጥር ነው። ከሌሎች ካውንቲዎች እርዳታ ይጠራል፤ አምስት አምቡላንስ ከአንድ መሪ ጋር በቡድን ይመጣል፤ እስኪደርስ ግን ሰዓታት ያልፋሉ። እሳት የያዘው መንገድ ውስጥም ዝም ብለን ዘልቀን አንገባም፤ መንገዱ መጽዳቱ እስኪነገረን ውጭ ቆመን እንጠብቃለን። በ2018 በሰሜን ካሊፎርኒያ ፓራዳይዝ ከተማ ላይ፣ 85 ሰው በሞተበት እሳት፣ ከሆስፒታል ሕመምተኞች ጭኖ የወጣ አምቡላንስ ራሱ መንገድ ላይ ተቃጥሏል፤ ባልደረቦቻችን ሕመምተኞቹን አንድ ቤት ጋራዥ ውስጥ አስገብተው ነው ያተረፏቸው። ይህን የምነግርሽ ላስፈራሽ አይደለም። በእሳት ሰዓት የእናትሽ አምቡላንስ የባለቤትሽ መኪና እንደሆነ አውቃችሁ ነዳጁን ከግማሽ በታች እንዳታወርዱ ነው።

ታዲያ 911 መቼ? ከንፈሯ ወይም ጥፍሯ ሰማያዊ ከሆነ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳታቋርጥ መናገር ካቃታት፣ ከተምታታባት ወይም ከወትሮው ውጭ እንቅልፍ እንቅልፍ ካላት፣ ደረቷን ከጨመቃት፣ ራሷን ከሳተች፣ ወዲያው ደውሉ። መጀመሪያ የሚነገረው አድራሻ ነው፤ ስልኩ ቢቋረጥ እንኳ የት እንዳላችሁ እናውቃለን። ቀጥሎ “ኦክስጅን የምትጠቀም አሮጊት፣ መራመድ አትችልም” በሉ። እናትሽ ብቻዋን ከሆነች ደግሞ “አምሃሪክ” የምትለዋን ቃልና የቤት ቁጥሩን በእንግሊዝኛ አስተምሪያት፤ በስልክ አስተርጓሚ ያስገቡላታል። እስኪያገናኙ ዝም የሚል ጊዜ አለ፣ እንዳትዘጋው። አዲስ አበባ 907 ደውለው ለለመዱ ሰዎች ይሄ ዝምታ ያስደነግጣል።

ብዙ ሰው በአንዴ ሲጎዳም በተራ አናክምም፤ በቀለም እንለያለን። በእግሩ መሄድ የሚችል አረንጓዴ ነው። በደቂቃ ከ30 ጊዜ በላይ የሚተነፍስ ወይም “እጄን ጨብጥ” ሲባል የማይችል ቀይ ነው፣ ቀድሞ ይሄዳል። እናትሽን አይቶ ወደ ሌላ ሰው ያለፈ ባለሙያ ካለ ንቋት እንዳይመስልሽ፤ ሁኔታዋ ከተለወጠ ግን ጮክ ብለሽ ጥሪው።

መልስ፦ ጋሼ ከአልታዲና

ልጄ፣ ወንድማችን የተናገረው እውነት ነው። እኛ ያን ማታ የዶሮ ወጡን ድስት ምድጃ ላይ ትተን ነው የወጣን። ትእዛዝ አልመጣልንም ነበር። ባለቤቴ በመስኮት አይታ “እኔ ይሄን ነፋስ አላምነውም” ብላ ጫማዬን አመጣችልኝ። ብትዘገይ ኖሮ እኔ ዱላ ይዤ የምሄድ ሰው የት እደርስ ነበር? ቤታችን ተቃጠለ፤ እኛ አለን።

ሌላው፣ የስልክሽን የአደጋ ማስጠንቀቂያ ድምፅ እንዳታጠፊ። ጃንዋሪ 9 ቀን በስህተት ለመላው ካውንቲ “ተዘጋጁ” የሚል መልእክት ተልኮ ብዙ ሰው ተናዶ ዘጋው። እኔም ልጄ ዘግቶልኝ ነበር፤ በኋላ ተቆጥቼ አስከፈትኩት። አስር ጊዜ በከንቱ ቢያስነሣኝ ይሻላል።

መልስ፦ አዲስ ገቢ

ይቅርታ፣ ግን በየዋርኒንጉ መውጣት የሚቻል ነው? ሆቴሉ፣ ከሥራ መቅረቱ? እኛ ባለፈው ዓመት ሁለቴ ወጥተን ሁለቴም እሳቱ ሳይደርስ ቀረ።

መልስ፦ አምቡላንስ ላይ የምሠራ

ወንድሜ፣ ወጪው እውነት ነው፣ አልክድህም። ሁሉም ቤተሰብ ይውጣ አላልኩም፤ እናትየዋ ትውጣ ነው ያልኩት። “ሬድ ፍላግ ዋርኒንግ” የሚባለው የነፋስና የእሳት አደጋ ማስጠንቀቂያ በወጣበት ቀን ከሰዓት በኋላ ማሽኗን ይዘው ሜዳው ላይ የሚኖር ዘመድ ወይም የቤተ ክርስቲያን ሰው ቤት ቢያሳድሯት ምንም ወጪ የለውም። አሁኑኑ፣ እሳት ሳይኖር፣ “እማዬን ለአንድ ሌሊት ትቀበሏታላችሁ?” ብሎ መጠየቅ ነው። ሐበሻ ለዚህ እምቢ አይልም። ዘመድ ከሌለ የቀይ መስቀል መጠለያ አለ፤ በነጻ ነው፣ የመኖሪያ ወረቀት አይጠየቅም። ስትገቡ ኦክስጅን እንደምትጠቀም መጀመሪያ ተናገሩ፤ ሶኬት ያለበት ቦታ ይሰጧታል። መጠለያ የት እንደተከፈተ 211 ደውሎ መጠየቅ ይቻላል።

መልስ፦ ነርሷ ከሳንታ ሮዛ

በ2017 ኦክቶበር ሁለት ትልልቅ ሆስፒታሎቻችን በሰደድ እሳት ምክንያት በአንድ ሌሊት ባዶ ሲሆኑ ነበርኩ። ሕመምተኛውን በከተማ አውቶቡስና በራሳችን መኪና ነው ያወጣነው። እኔ ስለ ጭሱ ልጨምር፤ እሳቱ ሃምሳ ማይል ርቆ እያለ የእናትሽን ሳንባ የሚጎዳው እሱ ነውና።

ኤርናው የሚባለውን፣ የአየሩን ጥራት በቁጥር የሚያሳይ የስልክ መተግበሪያ ጫኚ። የአየሩ ቁጥር ከ100 ሲያልፍ እንደ እናትሽ ላለ ሰው ጥሩ አይደለም፤ ከ150 ካለፈ ለማንም አይሆንም። አንድ ክፍል ምረጡና መስኮቱን ዝጉ፣ የሄፓ (ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ) የአየር ማጣሪያ አስገቡ፣ እዚያው ትዋል። በእነዚያ ቀናት ዕጣን አይጨስ፣ ቡና ቤት ውስጥ አይቆላ፣ ሽንኩርትም በብዛት አይቁላላ። እናቶቻችን እንደሚከፋቸው አውቃለሁ፤ የእኔዋም “ያለ ዕጣን ምን ቡና አለ” ብላ አኩርፋ ነበር። ግን የተዘጋ ክፍል ውስጥ ጭሱ የትም አይሄድም። ውጭ ስትወጣ ኤን95 ጭምብል ታድርግ፤ አፍን በነጠላ መሸፈን ደቃቁን ብናኝ አያስቀርም። ጭምብሉ ራሱ ትንፋሽ ስለሚያከብድ ግን ለእሷ ይሆን እንደሆን አስቀድመሽ ሐኪሟን ጠይቂ።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ በከሰል ጭስ መመረዝን አይለይም። ደሙ ኦክስጅን ሳይሆን መርዙን ተሸክሞ እያለ መለኪያው 98 ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ መብራት ጠፋ ብላችሁ የከሰል ምድጃ ወደ ቤት እንዳታስገቡ፣ ጄኔሬተርም ጋራዥ ውስጥ እንዳታስነሱ። ቤት ያለ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ ካዞረውና ካቅለሸለሸው ቁጥሩን አትመኑ፤ ውጡና 911 ደውሉ። ጭስ ውስጥ የነበረ ሰው ድምፁ ከጎረነነ ወይም አፍንጫውና ምራቁ ላይ ጥቀርሻ ካለ፣ ደህና ነኝ ቢል እንኳ ድንገተኛ ክፍል መታየት አለበት፤ ጉሮሮው ከሰዓታት በኋላ ሊያብጥ ይችላል።

ቃጠሎ ከደረሰ ለሃያ ደቂቃ የቧንቧ ውሃ ማፍሰስ፣ ቀለበትና አምባር ሳያብጥ ማውለቅ፣ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል አይቀባም። እባካችሁ።

መልስ፦ ፋርማሲ የምሠራ

ስለ ኢንሱሊኑ ባጭሩ፦ ከፍሪጅ ውጭ ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ባልበለጠ ሙቀት እስከ 28 ቀን ይቆያል፤ ስለዚህ ፍሪጅ ጠፋ ብለሽ አትጣይው። በረዶ እንዳይነካው፣ መኪና ውስጥም እንዳይቀር። የመድኃኒቶቿን ጠርሙሶች ስያሜያቸው እንዲታይ አድርገሽ በስልክ ፎቶ አንሺ። መድኃኒቱ ቤት ውስጥ ቀርቶ ብትወጡ፣ ሐኪሙ ሳይገኝ ቀርቶ መቋረጡ የሚጎዳት ከሆነ በካሊፎርኒያ ሕግ ፋርማሲስቱ ያለ አዲስ ማዘዣ ሊሰጣት ይችላል። አንዱ ፋርማሲ “አይሆንም” ቢልሽ ኃላፊውን ፋርማሲስት አነጋግሪ።

ለኤሌክትሪኩ ደግሞ “ሜዲካል ቤዝላይን” የሚባል አለ። ሐኪሟ ይፈርምበታል፣ ለኤሌክትሪክ ድርጅታችሁ ታስገቡታላችሁ። ሂሳቡም ይቀንሳል፣ ነፋስ በመጣ ጊዜ ሆን ብለው መብራት ሊያጠፉ ሲሉም አስቀድመው ያሳውቋችኋል። መብራቱ አይጠፋባችሁም ማለት ግን አይደለም።

ሲሊንደሩን ራስሽ አስዪው። የተለመደው “ኢ” የሚባለው መጠን ሲሞላ 680 ሊትር ገደማ ይይዛል። በደቂቃ 2 ሊትር ከሆነ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። አንድ ሌሊት አያሳድርም። ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት እንዲሰጧችሁ ጠይቂ፤ በባትሪ የሚሠራ ተንቀሳቃሽ ማሽን ኢንሹራንሷ ይሸፍን እንደሆነም ሐኪሟ ይጠይቅላት። መኪና ውስጥ ሲሊንደሩ እንዳይንከባለል እሰሩት፣ መስኮት ትንሽ ይከፈት፣ ማንም እንዳያጨስ።

መልስ፦ አምቡላንስ ላይ የምሠራ

ስለ ዕዳው ረስቼው። እናትሽ ሜዲ-ካል (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የካሊፎርኒያ የጤና መድን) ካላት የድንገተኛ አምቡላንስ ይሸፍንላታል። ድንገተኛ ክፍልም በ1986 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት ገንዘብም ወረቀትም ሳይጠይቅ አይቶ ማረጋጋት ግዴታው ነው። ይህን በአማርኛ፣ ረጋ ብለሽ፣ እሳት በሌለበት ቀን ንገሪያት። ሕመም መደበቋ ነው ከሁሉ ያሰጋኝ።

መልስ፦ የእማዬ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ለሁላችሁም። ቅዳሜ ከባለቤቴ ጋር መውጣቱን ሞከርነው። የመጀመሪያው ጊዜ 19 ደቂቃ ፈጀ፤ ዘጠኙ እማዬ ዳዊቷን ስትፈልግ የጠፋ ነው። አሁን ሌላ ዳዊት ገዝተን ከመድኃኒቱ ዝርዝርና ከተጨማሪ የአፍንጫ ቱቦ ጋር በር ላይ በተንጠለጠለው ቦርሳ አስገባነው። ሁለተኛው ጊዜ 8 ደቂቃ ሆነ። የሲሊንደሩን መክፈቻ ቁልፍ እማዬ ራሷ ከማተቧ የተረፈውን ጥቁር ክር ፈትላ አንገቱ ላይ አሰረችው። አዲስ ሲሊንደር ሁለት ጠይቄያለሁ፤ የሐኪሙ ፊርማ ሰኞ ይደርሳል። ጋርዲና የሚኖሩ የክርስትና ልጇ ደግሞ ነፋስ ባለ ቁጥር እንዲወስዷት ተስማምተዋል። 

አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ አሳንሰር የሌለው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነን። ባለቤቴ ሥራ ላይ ሆኖ ብቻዬን ብሆን እንዴት አወርዳታለሁ?

መልስ፦ ነርሷ ከሳንታ ሮዛ

በብርድ ልብስ ወይም በጀርባ እንዳትሞክሪ፤ ሁለታችሁም ትወድቃላችሁ። እጀታ በሌለው ጠንካራ ወንበር ላይ አስቀምጠሽ በሁለት ሰው ነው የሚወርደው፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ ፊቷ ወደ ደረጃው ቁልቁል ዞሮ። ሁለተኛው ሰው ጎረቤትሽ ነው። ዛሬ ማታ በራቸውን አንኳኪና እናትሽን አስተዋውቂያቸው፤ ዳቦ ቢጤም ይዘሽ ሂጂ።