አይጦቹ ሲወፍሩ የአጥንቱን ውጤት እንዴት ልለየው?

ሰላም ለሁላችሁ። አጥንት መሳሳት ላይ የምትሠሩ ካላችሁ እባካችሁ አንድ በሉኝ።

የማስተርስ ጥናቴ የእንቁላል እጢያቸው በቀዶ ጥገና በወጣ ሴት አይጦች ላይ ነው። ስፕራግ ዶውሊ የሚባለው የቤተ ሙከራ አይጥ ዝርያ ናቸው፣ 6 ወር የሞላቸው። ከእጢው የሚመነጨው ሆርሞን፣ ኢስትሮጅን፣ ሲቀር አጥንቱ ይሳሳል፤ ሴቶች ካረጡ በኋላ የሚደርስባቸውን ይመስላል። እስከዚህ ችግር የለም። ማህፀናቸው ኮስምኗል፣ ስለዚህ ቀዶ ጥገናው ሠርቷል። የቅልጥማቸው የላይኛው ጫፍ ውስጥ ያለው ስፖንጅ መሰል አጥንትም በማይክሮ ሲቲ (ጥቃቅኑን በሚያሳይ የኤክስሬይ ስካን) ሲታይ ተመናምኗል።

የተቸገርኩት ሌላ ቦታ ነው። አይጦቹ ብዙ ይበላሉ፣ ይወፍራሉ። የደም ስኳራቸውም ወጥቷል። ታዲያ ይሄ ከኢስትሮጅን እጥረቱ ነው፣ ከውፍረቱ፣ ወይስ ከአጥንቱ ራሱ? ኦስቲዮካልሲን የሚባለው የአጥንት ፕሮቲን ኢንሱሊንን ያግዛል የሚሉ አሉ፤ የአይጥ ጥናቶቹ ግን እርስ በርስ አይስማሙም። ውፍረቱ ደግሞ አጥንቱ ላይ ጭነት ስለሚጨምር መሳሳቱን በከፊል ሊሸፍንብኝ ይችላል።

አማካሪዬ «እጢያቸው ካልወጣው እኩል መኖ እየመዘንሽ ስጫቸው» ይሉኛል። ግን የተራበ አይጥ ይጨነቃል፣ ኮርቲኮስቴሮን የሚባለው የጭንቀት ሆርሞኑ ይጨምራል፣ እሱም በተራው አጥንት ይጎዳል። ከድጡ ወደ ማጡ!

እንደልቡ የሚበላና መኖው የተመጠነ ቡድን ጎን ለጎን ያስኬደ ሰው አለ? ወይስ ክብደቱን በስታቲስቲክስ ማስተካከል ይበቃል? መኖው ውስጥ አኩሪ አተር አለ፤ ኢስትሮጅን መሰል ነገር ስላለው እሱንም ልቀይረው?