ሞተሩ በ1,000 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ዘይት ይበላል፤ «ጤናማ ነው» መባሉን እንዴት ልቀበል?

ጥያቄ፦ ባለመኪና

ጤና ይስጥልኝ። የዋስትና ጊዜው ያላለቀ፣ በቤንዚን የሚሠራ ባለአራት ሲሊንደር መኪና አለኝ። ዘይቱ ሳይዛነፍ በወቅቱ ይቀየራል፤ የሚሞላውም በመመሪያ መጽሐፉ የታዘዘው 0ደብሊው-20 የሚባለው ቀጭን ዘይት ነው። ይሁንና በሁለት የዘይት ቅያሬዎች መካከል የመለኪያ ዘንጉን ባወጣሁት ጊዜ ጫፉ ላይ እንኳ ዘይት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ እየለካሁና እየጨመርኩ ስከታተለው ፍጆታው በ1,000 ኪሎ ሜትር ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ሆኖ አገኘሁት። መኪናው የሚያድርበት ወለል ደረቅ ነው፤ ከሞተሩ ሥር የሚንጠባጠብ ነገርም የለም። ጢስ የማየው አልፎ አልፎ፣ ያውም ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ብቻ ነው።

ጉዳዩን ለሸጠልኝ ድርጅት የጥገና ክፍል ሳቀርብ የኮምፕሬሽን (በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) ልኬት ተደርጎ አራቱም ሲሊንደሮች ደህና መሆናቸው ተነገረኝ። አምራቹም እስከዚህ መጠን ያለውን ፍጆታ ጤናማ ብሎ ስለሚቆጥረው የሚጠገን ነገር እንደሌለና ዘይት እየጨመርኩ እንድነዳ ተመከርኩ። ይህ መልስ አልተዋጠልኝም፤ አዲስ ሊባል የሚችል ሞተር በዚህ ፍጥነት ዘይቱን እየጨረሰ እንዴት ጤናማ ይባላል? ኮምፕሬሽኑ ጥሩ ከሆነስ ዘይቱ በየት በኩል እየገባ ይቃጠላል? ወፈር ያለ ዘይት ብሞላ ይሻል እንደሆነ፣ ዋስትናው ሳያልቅም ምን ዓይነት ማስረጃ ማዘጋጀት እንዳለብኝ የምታውቁ ብታስረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ምላሽ፦ ሞተር ጠጋኝ

ለረጅም ጊዜ ሞተር እየፈታሁ የኖርኩ እንደመሆኔ በሁለተኛው ጥያቄዎ ልጀምር፤ ምክንያቱም «ኮምፕሬሽኑ ጥሩ ነው» የሚለው መልስ ብዙ ባለንብረቶችን ያለአግባብ ያሰናበተ መልስ ነው።

በአብዛኞቹ የቤንዚን ሞተሮች፣ በሲሊንደሩ ውስጥ ሽቅብና ቁልቁል በሚመላለሰው ፒስተን ዙሪያ ሦስት ሪንጎች (የብረት ቀለበቶች) አሉ። የላይኞቹ ሁለቱ በዋናነት የቃጠሎውን ግፊት ይይዛሉ። ሦስተኛው፣ ማለትም የዘይት ሪንጉ፣ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የተረጨውን ትርፍ ዘይት እየጠረገ በፒስተኑ ላይ ባሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች በኩል ወደ ዘይት መያዣው ይመልሰዋል። እነዚህ ቀዳዳዎች በካርቦን ሲደፈኑ ወይም ሪንጉ በተቀመጠበት ቦይ ውስጥ ተጣብቆ መለጠጥ ሲያቅተው፣ ዘይቱ በግድግዳው ላይ ይቀርና ከነዳጁ ጋር አብሮ ይቃጠላል። በዚህ ጊዜ ሁለቱ የላይኛ ሪንጎች ሥራቸውን በሚገባ እየሠሩ ስለሆነ የኮምፕሬሽን ልኬቱ ምንም ጉድለት አያሳይም፤ እንዲያውም በግድግዳው ላይ የቀረው ዘይት ክፍተቱን ስለሚደፍን ውጤቱን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ የተደረገልዎት ምርመራ እርስዎ ላነሱት ቅሬታ መልስ የሚሰጥ ምርመራ አልነበረም።

መልስ የሚሰጠው ካንዴላዎቹን (ነዳጁን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን) አውጥቶ ጫፋቸው በዘይት መርጠቡን ወይም በዘይት አመድ መሸፈኑን ማየት፣ ከዚያም በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ካሜራ አስገብቶ የፒስተኑን ራስ መመልከት ነው። ዘይት ከሪንጉ ሽቅብ የሚያልፍ ከሆነ የፒስተኑ ጠርዝ ብዙ ጊዜ እርጥብ ሆኖ ወይም በዘይት ታጥቦ ይታያል። ከዚያ በፊት ግን የሞተሩን የውስጥ ትንፋሽ ወደ አየር ማስገቢያው የሚመልሰው ቫልቭ መፈተሽ አለበት፤ ይህ ትንሽ ዕቃ ክፍት ሆኖ ሲበላሽ ሞተሩ የዘይት ተን እየሳበ ያቃጥላል፤ ሞተር ሳይወርድም ይለወጣል። ሞተሩ ቱርቦ ካለው ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ቧንቧ ውስጥ ዘይት መጠራቀሙም ይታይ።

ጢስን በተመለከተ መጠኑን ብቻ ሳይሆን የሚወጣበትን ጊዜ ይመልከቱ። ሞተሩ አድሮ ሲነሳ ብቻ ሰማያዊ ጢስ ወጥቶ ወዲያው ከጠፋ፣ ሌሊቱን በቫልቮቹ ጎማ በኩል የወረደ ዘይት መኖሩን ያመለክታል። ረጅም ቁልቁለት በማርሽ ተይዞ ከተወረደ በኋላ ነዳጅ ሲሰጠው የሚያጨስ ከሆነም ጥርጣሬው ወደዚያው ያመራል። መኪናው ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ የሚያጨስ ከሆነ ግን ነገሩ የሪንግ ነው። ጢስ አለመታየቱም ደህንነትን አያረጋግጥም፤ በጭስ ማውጫው መስመር ላይ ያለው የጭስ ማጣሪያ የዘይቱን ጢስ በከፊል ስለሚያቃጥለው ብዙ ዘይት የሚበላ መኪና ከኋላው ንጹሕ መስሎ ሊሄድ ይችላል። የማጣሪያው ዕድሜ ግን ያጥራል፤ በዘይቱ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ያበላሸዋል። በእኔ ግምት በዚህ መጠን የሚጠፋ ዘይት በቫልቭ ጎማ ብቻ ስለማይመካኝ የእርስዎ ሞተር የዘይት ሪንግ መታየት ይኖርበታል።

«ጤናማ» ስለተባለው ወሰን አንድ ስሌት ላክል። ብዙ ባለአራት ሲሊንደር ሞተሮች የሚይዙት ዘይት ከ4 እስከ 5 ሊትር ነው። የቅያሬው ጊዜ 10,000 ኪሎ ሜትር ቢሆን በዚህ ፍጆታ 10 ሊትር ይቃጠላል። አምራቹ በፈቀደው የቅያሬ ጊዜ ተማምኖ የሞተር ክዳኑን ሳይከፍት የሚነዳ ሰው፣ ሞተሩ ከግማሽ መንገድ በፊት ዘይት አልቆበት ይሰበራል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ወሰን የሞተሩን ጤና የሚለካ ሳይሆን ድርጅቱ ከየት ጀምሮ ኃላፊነት እንደሚወስድ የሚያሰምር መስመር ነው።

ምላሽ፦ የቀድሞ ባለንብረት

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ እጅግ ጠቃሚ ነው። እኔ የምጨምረው ነገሩ በጊዜው ካልታረመ ወዴት እንደሚያመራ ነው፤ የእኔ ሞተር እዚያው ደርሷልና።

እኔም «ጤናማ ነው፣ እየጨመሩ ይንዱ» ተብዬ እየጨመርኩ ስነዳ ቆይቻለሁ። ፍጆታው ግን በነበረበት አልቆመም፤ እያደር እየጨመረ ሄዶ በአንድ ረጅም ጉዞ ላይ ቀዩ የዘይት መብራት በራ። ብዙ ሰው ይህ መብራት የዘይቱ መጠን ሲያንስ የሚያስጠነቅቅ ይመስለዋል። መብራቱ የሚከታተለው ግን የዘይቱን ግፊት ነው፤ በአንዳንድ መኪኖች ላይ መጠኑን የሚለካ የተለየ መሣሪያ ቢኖርም በብዙዎቹ የለም። ግፊቱ የሚወርደው ደግሞ ዘይቱ በጣም አንሶ በመጠምዘዣ ወይም ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ሲሸሽና ፓምፑ በዘይት ፋንታ አየር ሲስብ ነው። ያን ጊዜ ቢየላውን (ፒስተኑን የሚይዘውን ክንድ) ከኮሎው (በፒስተኖቹ ከሚሽከረከረው ዋና ዘንግ) የሚለየው ስስ የዘይት ሽፋን ይጠፋል፤ በመካከላቸው ያለው ማንሸራተቻ፣ ብሮንዚናው፣ በብረት ላይ ይፋቃል፤ ይግላል፤ ይቀልጣል። ወዲያውኑ ሞተሩን ባጠፋም ስንቀሳቀስ ከነዳጅ መስጫው ጋር አብሮ የሚፈጥን የመደብደብ ድምፅ ጀመረ። ይህ ድምፅ ከተሰማ በኋላ የጨመሩት ዘይት የተፋቀውን ብረት አይመልስም። ጥቂት ቆይቶ ሞተሩ ተጣብቆ ቆመ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ክርክር ከብልሽቱ የባሰ ነበር። ድርጅቱ ሞተሩ የተሰበረው «በዘይት እጥረት» ስለሆነ ጥፋቱ የባለንብረቱ ነው አለኝ። ዘይቱ ለምን እንደሚያልቅ ደጋግሜ ያመለከትኩት ለራሱ ለድርጅቱ ሆኖ ሳለ፣ በሥራ ትእዛዝ ወረቀቶቹ ላይ የተጻፈው «መደበኛ ሰርቪስ» የሚል ብቻ ሆኖ ተገኘ። በቃል የተነገረው ሁሉ እንዳልተነገረ ተቆጠረ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ለእርስዎም ይህን የምጽፈው ዋስትናዎ ገና በእጅዎ ስላለ ነው።

ስለዚህ መኪናውን ባስገቡ ቁጥር «ሞተሩ ዘይት ያቃጥላል» የሚለው ቅሬታዎ ከኪሎ ሜትሩ ንባብ ጋር በሥራ ትእዛዙ ላይ እንዲሰፍር ይጠይቁ፤ ካልሰፈረ አይፈርሙ። ለሚጨምሩት ዘይት ሁሉ ደረሰኝ ያስቀምጡ። የመለኪያ ዘንጉንና የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ፎቶ በአንድ ጊዜ ያንሱ። ከሁሉም በላይ ግን የዘይት ፍጆታ ፈተና እንዲደረግልዎ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ፈተናው ዘይቱ ተቀይሮ እስከ ላይኛው ምልክት ከተሞላ በኋላ የማፍሰሻው ቡሎን፣ ፊልትሮውና መለኪያው ምልክት ተደርጎባቸው ወይም ታሽገው፣ መኪናው የተወሰነ ርቀት፣ ብዙ ጊዜ ከ1,000 እስከ 2,000 ኪሎ ሜትር፣ ከተነዳ በኋላ የጎደለው የሚለካበት ነው። «ይመስለኛል» የሚለውን ክርክር የሚዘጋው ይህ ነው።

ምላሽ፦ ቅሬታ ተከታታይ

ባለንብረቶች ተስፋ እንዳይቆርጡ በይፋ የሚታወቁ ጥቂት ጉዳዮችን ላስታውስ። የቶዮታ ባለ2.4 ሊትር 2ኤዜድ-ኤፍኢ ሞተር ባለቤቶች ዘይት ያቃጥላል እያሉ ለዓመታት ሲያመለክቱ ከቆዩ በኋላ፣ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ ለተወሰኑ ሞዴሎች የዋስትና ሽፋኑን አስፍቶ በፍጆታ ፈተናው የወደቁትን ሞተሮች ፒስተንና ሪንግ በተሻሻለ ዕቃ ቀይሯል። የሱባሩ ባለንብረቶችም እ.ኤ.አ. በ2014 በዚያው አገር በጋራ ክስ መሥርተው፣ በ2016 በጸደቀው ስምምነት የሞተሩ ዋስትና ከ5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ወደ 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል እንዲራዘም አድርገዋል። በሁለቱም ጉዳዮች መነሻው የተናጠል ቅሬታ ነበር።

ከዘይት ፍጆታ የተለየ፣ ውጤቱ ግን ያው የሆነ ጉዳይ የሃዩንዳይና የኪያ ቴታ 2 ሞተር ነው። ኮሎው በፋብሪካ ሲቆረጥ የቀረ የብረት ብናኝ ወደ ቢየላ ብሮንዚናዎች የሚሄደውን የዘይት መንገድ ሊያጠብ እንደሚችል ታውቆ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ 470,000 የሚጠጉ መኪኖች በአሜሪካ ለጥገና ተጠሩ፤ ጥሪው በ2017 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ወደሆኑ ሌሎች መኪኖች ሰፋ። የአገሪቱ የመንገድ ደኅንነት ባለሥልጣን ጥሪዎቹ ዘግይተዋል በማለቱ ሁለቱ ኩባንያዎች በ2020 በድምሩ 210 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ የቅጣት ስምምነት ፈርመዋል። መረጃውን ለባለሥልጣኑ ካደረሱት መካከል የሃዩንዳይ የራሱ መሐንዲስ ይገኝበታል።

ይህን ያነሳሁት የእርስዎ መኪናም የግድ የፋብሪካ ጉድለት አለበት ለማለት አይደለም። በሻሲ ቁጥሩ የጥገና ጥሪ ወይም የተራዘመ ዋስትና መኖሩን በአምራቹ ድረ ገጽ ይፈልጉ፤ የጥገና ክፍሉንም አምራቹ ለዚህ ሞተር ያወጣው የቴክኒክ ማሳሰቢያ እንዳለ በቀጥታ ይጠይቁ። በስም ተጠቅሶ ያልተጠየቀ ማሳሰቢያ ብዙ ጊዜ ከመሳቢያ አይወጣም።

ባለመኪና

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የፍጆታ ፈተናውን በጽሑፍ አመለክታለሁ፤ ካንዴላዎቹ ወጥተው እንዲታዩ፣ ፒስተኖቹም በካሜራ እንዲታዩልኝ እጠይቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል፤ እስከዚያው 5ደብሊው-30 ወይም ከዚያ የወፈረ ዘይት ብጠቀም፣ ወይም ሪንግ ያጸዳል የሚባለውን ፈሳሽ ብጨምር ጉዳት አለው?

ምላሽ፦ ሞተር ጠጋኝ

አስቀድመው መመሪያ መጽሐፉን ይመልከቱ። 0ደብሊው-20 ከሚታዘዝላቸው ሞተሮች አንዳንዶቹ እንደ አየሩ ሙቀት 5ደብሊው-30ንም ይፈቅዳሉ፤ በመጽሐፉ ከተፈቀደ ያለ ሥጋት ሊሞሉት ይችላሉ። አንዳንድ ጊዜ ለውጡ ከአምራቹ ከራሱም ይመጣል፤ ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ2025 ባለ6.2 ሊትር ቪ8 ሞተሮቹን ለጥገና ሲጠራ፣ ምርመራውን ያለፉት ከ0ደብሊው-20 ወደ 0ደብሊው-40 እንዲዛወሩ አዝዟል። ካልተፈቀደ ግን ዋስትናው እያለ አይሞክሩት። የቫልቮቹን ጊዜ የሚያስተካክለው ክፍል በዘይት ግፊት ስለሚሠራ ውፍረቱ አሠራሩን ይነካዋል፤ ለድርጅቱም «ያልታዘዘ ዘይት ተጠቅመዋል» የሚል ማምለጫ ይሰጠዋል። ወፍራም ዘይት ፍጆታውን ቢቀንሰውም የተደፈነውን ቀዳዳ አይከፍትም።

ማጽጃ ፈሳሽን በተመለከተ፣ የተጣበቀ ሪንግ በአንዳንድ ሞተሮች ላይ በማጽጃ ሲላላ አይቻለሁ፤ በሌሎች ላይ ደግሞ ምንም ለውጥ አላመጣም። የሚያሳስበኝ የተላቀቀው ዝቃጭ ወርዶ የፓምፑን መሳቢያ ወንፊት መድፈን የሚችል መሆኑ ነው። በዋስትና ያለ መኪና ላይ አላደርገውም፤ ከፍጆታ ፈተናው በፊትማ ጨርሶ አይገባም።

እስከ ፈተናው ድረስ በየሁለተኛው የነዳጅ መሙላት ይለኩ። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፤ ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ዘንጉን ጠርገው መልሰው ያስገቡና ያንብቡ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ብዙ ጊዜ አንድ ሊትር ያህል ስለሆነ ከመካከል ሲወርድ በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩ፤ ከላይኛው ምልክት ግን አያሳልፉ፤ ትርፍ ዘይት በኮሎው እየተመታ አረፋ ይሠራል፣ በትንፋሽ መስመሩም በኩል ገብቶ ይቃጠላል። ፈተናው ሲጀመር ዘይቱ እስከ ላይኛው ምልክት ሲሞላ እዚያው ቆመው ይዩ፤ ቁጥሩንም በራስዎ እጅ ይመዝግቡ።