የአርኬሎንን ቅርጽ በምን እንሥራው?

ሆጤ (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደሴ ነው። ልጄ 8ኛ ክፍል ናት። ለሳይንስ ቀን ከጓደኞቿ ጋር አርኬሎን የሚባለውን፣ ከምድር የጠፋውን የባሕር ኤሊ እየሠሩ ነው። በጭቃ ጀመሩት፤ ጀርባው ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ ክብደቱም አይቻልም። በምን ቢሠሩት ይሻላል? ውድ ነገር እንዳይሆን እባካችሁ።

የጦሳ ልጅ፦ አብሽሪ እህቴ። ጭቃውን ይተዉት። አርኬሎን እንደ የብስ ኤሊ ድፍን ጀርባ አልነበረውም። የጎድን አጥንቶቹ እንደ ጣሪያ ማገር ግራና ቀኝ ተዘርግተዋል፤ መካከላቸው ክፍት ነው። ላዩን ቆዳ ይሸፍነው እንደነበር ይገመታል። ስለዚህ አጥንቱን በተሰነጠቀ ሸምበቆ ወይም በሽቦ ይሥሩ። ከዚያ ግማሹን ብቻ ጆንያ ያልብሱት። ሌላው ግማሽ ክፍት ይቅር፤ ዋናው ትምህርት እሱ ነው፣ እንዳይሸፍኑት!

መምህሩ ከኮምቦልቻ፦ በልኩ ልጨምር። ርዝመቱ 4.6 ሜትር ገደማ ነበር። በአንድ አራተኛ ቢሠራ 1 ሜትር ከ15 ሳንቲ ይሆናል፤ ባጃጅ ላይ ይጫናል። ሙሉውን ርዝመት ግቢው ውስጥ በኖራ ያስምሩትና ልጆቹ ተሰልፈው ይተኙበት። የፊት እግሮቹ ከኋላዎቹ ይርዘሙ፤ የሚቀዝፈው በእነሱ ነው። ጭንቅላቱ ጠባብና ረጅም፣ የላይኛው መንጋጋ ጫፉ ወደ ታች የተቆለመመ ይሁን። ጥርስ እንዳይሠሩለት።

ሆጤ፦ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ፎቶ ላይ የቀኝ የኋላ እግሩ ጎዶሎ ነው። እንዲሁ እንሥራው?

መምህሩ ከኮምቦልቻ፦ እሱ መጀመሪያ የተገኘው የአርኬሎን አጽም ነው። በ1895 እ.ኤ.አ. የቅሪተ አካል ተመራማሪው ጆርጅ ዊላንድ አሜሪካ፣ ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ ያገኘው። ዛሬ ያለው በዬል ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ነው። እግሩን በሕይወት ሳለ አንድ አውሬ እንደነከሰው ይታመናል። እኔ ብሆን ጎዶሎውን ነበር የምሠራው። ተመልካች ሁሉ «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ ልጆቹም ያስረዳሉ።

ሰኞ ገበያ፦ ጭንቅላቱን በጋዜጣና በዱቄት ሙጫ ይሥሩት። የደሴ ጉም ስለማያስደርቅ አንዱ ንብርብር ሳይደርቅ ሌላውን አይለጥፉ፤ ይሻግታል። መግለጫው ላይ ደግሞ «ዳይኖሰር» ብለው እንዳይጽፉ። በዳይኖሰሮች ዘመን፣ ከ75 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ኖሯል፤ እሱ ግን ኤሊ ነው። ያኔ የሰሜን አሜሪካን መሃል ባሕር ሸፍኖት ነበር። ካርታ ሥለው ጎኑ ቢለጥፉ ጥሩ ነው።

ሆጤ፦ ሸምበቆው ተገኝቷል። ቅዳሜ ይጀምራሉ።