ከደለስ በቀጥታ ቦሌ፣ ከቦሌ ግን በማረፊያ፦ አውሮፕላን ስንት ነዳጅ ነው የሚበላው?

የሜሪላንዷ
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ሁሌ ይከነክነኛል። ከደለስ (ከዋሽንግተን ኤርፖርት) ስንነሳ 13 ሰዓት ያህል በረን፣ የትም ሳናርፍ ቦሌ እንገባለን። ስንመለስ ግን አውሮፕላኑ መሃል ላይ ነዳጅ ሊሞላ ያርፋል። በደብሊንም በሎሜም አልፌአለሁ። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት መቀመጡ ይረዝምባታል። ታንኩን ቦሌ ላይ ጢም አድርገው ለምን አይሞሉትም? ለመሆኑ አውሮፕላን በሰዓት ስንት ይበላል? ከትንሹ እስከ ትልቁ የምታውቁ ንገሩኝ።

አቢ ከአትላንታ
ነፋሱ ነው። ላይ ላይ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው። ወደ አገር ቤት ሲኬድ ከኋላ ይገፋል፣ ወደ አሜሪካ ሲመጣ ከፊት ይጋፋል። ሰዓቱ ሲረዝም ነዳጁም ይጨምራል።

ጋሽ ቦቴ
እህቴ፣ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ አውሮፕላን ነዳጅ ስሞላ ነው የኖርኩት። አቢ ያለው ትክክል ነው፤ ዋናው ምክንያት ግን ነፋሱ ሳይሆን ቦሌ ራሱ ነው።

መጀመሪያ ፍጆታውን ልንገርሽ። ለፓይለት ማሠልጠኛ የምትሆነው ሴስና 172 በሰዓት ከ30 እስከ 35 ሊትር ይበቃታል። ባህር ዳር የሚወስድሽ ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 በሰዓት 1 ቶን ገደማ ይበላል። ቦይንግ 737-800 ወደ 2.5 ቶን። ድሪምላይነሩ (ቦይንግ 787) 5 ቶን ወይም ትንሽ ከፍ ያለ። 777-300 ኢአር ከ7 እስከ 8 ቶን። የድሮው 747-400 ከ10 ቶን ያልፋል፣ ኤርባስ ኤ380 ደግሞ ወደ 12 ይጠጋል። ይሄ ላይ ወጥቶ ሲረጋጋ ነው፤ ሲነሳና ሽቅብ ሲወጣ ፍጆታው ከዚህ በብዙ ይበልጣል።

በቶን የምነግርሽ አውሮፕላኑን የሚያስጨንቀው ክብደት ስለሆነ ነው። የቦቴው ቆጣሪ ሊትር ይላል፣ ፓይለቱ ግን የሚያስበው በኪሎ ነው። አንድ ሊትር የጄት ነዳጅ 0.8 ኪሎ ያህል ይመዝናል፣ ሙቀቱም ይለዋውጠዋል። ነዳጁ የነጭ ጋዝ ዘመድ ነው፤ የሚለየው በጥንቃቄ መያዙ ነው። ከመሙላታችን በፊት በጠርሙስ ናሙና እንቀዳለን። ጫፉ ላይ ትንሽ ክኒን የመሰለች ነገር በተገጠመባት ስሪንጅ እንስበዋለን። የክኒኗ ቢጫ ቀለም ወደ አረንጓዴ ካደላ ውሃ አለበት ማለት ነው፤ ያ ነዳጅ አይሞላም።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው የሰዓቱን ቁጥር ብቻ አይቶ ሲፈርድ ነው። ለሰው አካፍዪው። 270 ሰው የጫነ ድሪምላይነር በአንድ ሰዓት ውስጥ ለአንድ ሰው ከ18 እስከ 19 ኪሎ ያቃጥልና 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይወስደዋል። በ100 ኪሎ ሜትር ለአንድ ሰው 2.6 ሊትር ገደማ ነው። ብቻዋን የምትነዳ ቪትዝ እንኳ ከዚህ በላይ ትበላለች። 500 ሰው የሚጭነው ኤ380 ግን በሰው ሲካፈል ከድሪምላይነሩ ይበልጣል። አራት ሞተር ተሸክሞ መዞር ዋጋ ያስከፍላል። እነ 747 ቦታቸውን ለ777 የለቀቁት በዚህ ነው፣ እኔም ልክ ነው እላለሁ።

አሁን ወደ ቦሌ። ቦሌ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ደለስ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ቦሌ ላይ አየሩ ከአንድ አምስተኛ በላይ ይሳሳል። ሞተሩ ጉልበት ይቀንስበታል፣ ክንፉም ለመነሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። አስፋልቱ ደግሞ 3,800 ሜትር ላይ ያልቃል። በዚያ ላይ ልክ ሲነሳ አንድ ሞተር ቢጠፋበት እንኳ በቀረው መውጣት መቻል አለበት፤ በስተሰሜን ያለው እንጦጦ ነው። ስለዚህ ለዚያን ቀን የሚፈቀደው ክብደት ይሰላል። ሰውና ጭነት ከተቀነሰ በኋላ የተረፈው ነው ለነዳጅ የሚሰጠው። ታንኩ ቦታ አለው፣ አየሩ ግን አይሸከመውም። ማታ መነሳቱ ጥቂት ይረዳል፣ ቀዝቃዛ አየር ወፈር ይላልና።

ሳሚ
ጋሼ፣ እንዲያውም ታንኩ ሁሌ ሙሉ ይመስለኝ ነበር። አጭር መንገድ ሲሆንም አይሞላም እንዴ?

ጋሽ ቦቴ
አይሞላም ልጄ። ለጉዞው፣ ለመጠባበቂያ፣ ወደ ሌላ ኤርፖርት ዞር ለማለትና እዚያም 30 ደቂቃ ለመቆየት የሚበቃው ተሰልቶ ነው የሚገባው። ከዚያ በላይ መያዝ ራሱ ነዳጅ ይበላል። በትርፍ ከተጫነው በየሰዓቱ ከ3 እስከ 4 በመቶው እሱኑ ለመሸከም ይቃጠላል።

በኅዳር 1989 የተጠለፈው የእኛ 767 ለናይሮቢ ጉዞ በሚሆን ነዳጅ ነበር ከአዲስ አበባ የተነሳው። ጠላፊዎቹ አውስትራሊያ ውሰደን አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ አይበቃም ብሎ ለመናቸው። አውሮፕላኑ ብዙ ሰዓት መብረር ይችላል የሚል ጽሑፍ አንብበው ስለነበር አላመኑትም። አውሮፕላኑ የሚችለውና ያን ቀን የያዘው ለየቅል ነው። ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ፤ 125 ሰው አለቀ። ይሄን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል።

የሜሪላንዷ
ጋሼ እድሜ ይስጥልኝ። አሁን ገባኝ። ቢሾፍቱ አጠገብ የሚሠራው አዲሱ ኤርፖርት ይሄን ይለውጠው ይሆን?

ጋሽ ቦቴ
ቦታው ከቦሌ በከፍታ ዝቅ ይላል፣ ስለዚህ ከበድ ብሎ መነሳት ይቻላል። የአቢ ነፋስ ግን እዚያም አለ።

ለእናትሽ ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ሰው ተሳፍሮ እያለ ነዳጅ ሲሞላ ቀበቶ ፍቱ ይባላል፤ ድንገት መውጣት ቢያስፈልግ ተብሎ ነው። መተላለፊያውም ክፍት መሆን ስላለበት በዚያ ሰዓት አታስነሺያት። መሙላቱ ሲያልቅ አስተናጋጇን ጠይቂና እስኪዘጋጁ ድረስ ወዲያ ወዲህ ትበል። ትኬት ስትቆርጪም በመተላለፊያው በኩል ያለውን ወንበር ያዢላት።