ችግኝ መሸጫ የምትሠሩ፣ መድኃኒት ስትረጩ ምን ታደርጋላችሁ?

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ ዳር ችግኝና አበባ የሚሸጥበት ቦታ ተቀጥሬ 2 ዓመቴ ነው። አራት ሠራተኞች ነን። ጠዋት ውሃ እናጠጣለን፣ አፈርና ፍግ ቀላቅለን ላስቲክ እንሞላለን፣ ደንበኛ ሲመጣ ተሸክመን መኪናው ላይ እንጭናለን። ወገቤን እንኳ ለምጄዋለሁ። ያስጨነቀኝ መርጨቱ ነው።

ባለፈው ሳምንት ጽጌረዳው ክሽክሽ (ቅጠል የሚመጥ ትንሽ ተባይ) ወጣበትና ከሠራተኞቹ ትንሹ ልጅ ማላታይን የሚባለውን የተባይ መድኃኒት ረጨ። ጓንት የለ፣ ጭንብል የለ፤ አፉን በሻርፕ ሸፍኖ። ከሰዓት «ራሴን አመመኝ፣ አጥወለወለኝ» አለ። ወተት አጠጣነው። መድኃኒቱ ደግሞ የሚቀመጠው በሃይላንድ ነው፣ ያውም ከምንጠጣው ውሃ አጠገብ። ለባለቤቱ ስነግራቸው «እኔ ሃያ ዓመት ስረጭ ምን ሆንኩ?» አሉኝ። ጋሼ ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ምን ብዬ ላስረዳቸው?

የዝዋዩ፦
አበባ እርሻ ውስጥ 6 ዓመት ረጭቻለሁ። እህቴ፣ ከሃይላንዱ ጀምሪ፤ ዛሬውኑ። አንድ ቀን የጠማው ሰው አንስቶ ይጠጣዋል። መድኃኒት በራሱ ዕቃ፣ ከነጽሑፉ፣ ተቆልፎ ይቀመጥ። ሐኪም ቤት ብትሄዱ መጀመሪያ የምትጠየቁት ምን እንደነበረ ነው።

ወተቱን እርሱት። ማላታይን በቆዳም ይገባል፤ ወተት ደግሞ ቆዳ አያጥብም። የነካውን ልብስ ማውለቅ፣ በሳሙናና በብዙ ውሃ መታጠብ። ላብና ምራቅ ከበዛበት፣ ዓይኑ ብዥ ካለበት ወይም ትንፋሽ ካጠረው ግን ቶሎ ሐኪም ጋ።

ሻርፕም አያድንም። ይረጥብና መድኃኒቱን አፍንጫችሁ ላይ ይዞ ይቀመጣል። የጎማ ጓንት፣ ረጅም እጅጌ፣ ቦት። ሱሪው ከቦቱ ውጪ ይውረድ፤ ውስጥ ከከተታችሁት የሚንጠባጠበው እግራችሁ ላይ ይጠራቀማል። ይህን ያወቅሁት ካልሲዬ ከራሰ በኋላ ነው። ንፋስ ሲኖር አትርጩ።

ባለ ችግኙ፦
እኔም እንደ ጋሼሽ ባለቤት ነኝ፣ ስለዚህ ልናገር። ሕጉን ጠቅሰሽ አትጀምሪ፣ እልህ ይይዛቸዋል። (ሕጉስ ካንቺ ጋ ነው። አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው የመከላከያ ዕቃ እንዲያቀርብ ያዛል።) ልጁ ሲታመም የሠራተኛ ቀን እንደሚባክን ንገሪያቸው። ለክሽክሽ ደግሞ መጀመሪያ ሳሙና በውሃ በጥብጣችሁ ሞክሩ። የቅጠሉን የታችኛውን ገጽ በደንብ ማርጠብ ነው፤ ተባዩን ካልነካው አይሠራም። እኔ ጋ ማላታይን የሚወጣው ከስንት አንዴ ነው፣ እሱም ደንበኛ ከሄደ በኋላ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቁልቋል ስትቆርጡ መነጽር አድርጉ። ወተቱ ዓይኔ ገብቶ ሁለት ቀን ብርሃን ማየት አቅቶኝ ነበር።

እሾህ፦
ሁላችሁም ስለ መድኃኒት! ፍግ በባዶ እጅ እየዛቃችሁ፣ በጽጌረዳ እየተወጋችሁ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ወስዳችኋል?

ጠያቂዋ፦
አመሰግናለሁ። እኔ ነፍሰ ጡር ሆኜ ተከትቤያለሁ፣ አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ግን አልተከተቡም። ሰኞ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን። ሃይላንዱን ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ስለሚባክነው ቀን ስነግራቸው ጋሼ ዝም አሉ። ዛሬ ጠዋት ጓንት ገዝተው መጡ። አንድ ጥንድ፣ ለአራት ሰው።